አባቴ አውቆ ያበላሸው ካሬ

ከልጅነቴ ዘመን ሁሉ አብልጬ የምወደው አባቴ እጁን የተጎዳበትን ዓመት ነው። እንዲህ ስል የሚሰማኝ ሰው ይደነግጣል፤ ምን ላድርግ፣ እውነቱ ይኸው ነው። ከዚያ በፊት አባቴ ሳልነቃ የሚወጣ፣ ከተኛሁ በኋላ የሚገባ፣ ወንበር ላይ በተንጠለጠለ ሰማያዊ ኮቱ የማውቀው ሰው ነበር። አገር አቋራጭ አውቶቡስ ይነዳል። አንዳንድ ቀን መንገዱ በትምህርት ቤታችን በኩል ሲያደርገው፣ በሩ ጋ ሲደርስ ሁለት ጊዜ ክላክስ ያደርግልኛል፤ እኔም በክፍሉ ልጅ ሁሉ ፊት ደረቴን እነፋለሁ። ከአባቴ የሚደርሰኝ ያቺው ነበረች።

የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ ጎማ ሲቀይር ክሪኩ ከዳውና ቀኝ እጁ ከስር ቀረ። የሦስት ጣቶቹ ጅማት ተበጠሰ፤ ተሰፋለት፤ ብዙ ሳምንት በፋሻ ተጠቅልሎ ሰነበተ። ከዚያ ፋሻው ተፈታ። ለእኔ ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ። ፋሻ የታሰረ ሰው ታሟል፣ ፋሻው የተፈታለት ደግሞ ድኗል፤ ከዚህ የበለጠ የሕክምና ዕውቀት አልነበረኝም። እማዬም ጎረቤት ሲጠይቃት «ፈቃድ ላይ ነው» ትላለች። ፈቃድ ማለት እንግዲህ አባት ቤት የሚውልበት ደስ የሚል ነገር ነው።

እማዬ ላውንደሪ ቤት ልብስ ትተኩሳለች። ጠዋት ከመውጣቷ በፊት አባዬን ፊቷ ታቆመውና የሸሚዙን ቁልፍ አንድ በአንድ ትቆልፍለታለች፤ እሱ ጣራ ጣራውን ያያል፣ እሷ ስትጨርስ አንገትጌውን መታ ታደርገዋለች። እኔ ከአንሶላዬ ስር አጮልቄ አያለሁ። እንደ አዲስ ሙሽሮች ሲሞላቀቁ ነው ብዬ እቀና ነበር። ቁልፉን ራሱ መቆለፍ እንደማይችል የገባኝ አድጌ ነው። እርግጥ ነው፣ መሞላቀቁም ነበረበት።

ሆስፒታሉ ውስጥ የተጎዳ እጅና እግር የሚያፍታቱበት አንድ ክፍል ነበር። ባለሙያዋ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ግዙፍ ሴት ናት፤ ሁሉም «ሲስተር» ነው የሚላት። ትምህርት በሌለኝ ቀን አባዬ እኔን ይዞ ሄደ። ሲስተር ከመሳቢያዋ ጫፏ የተቆለመመ የኪሮሽ መርፌና አንድ ጥቅል ቀይ የሱፍ ክር አውጥታ ፊቱ አስቀመጠችለት።

«ሲስተር፣ እኔ እኮ ሹፌር ነኝ» አለ አባዬ፣ ሰው እንዳያየው ወደ በሩ እየተገላመጠ። «ዳንቴል ልሠራ ነው?»

«መሪ መጨበጥ ይፈልጋሉ?»

«እንዴታ!»

«እንግዲያው መጀመሪያ ይቺን ይጨብጡ። ይቺ ከታዘዘችልዎ መሪው የትም አይሄድ።»

እኔ የመድኃኒት ጠርሙስ ስነካካ ስለተያዝኩ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ እንድቀመጥ ተፈረደብኝ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና ጆሮዬን አቁሜ አዳመጥኩ። «በሁለት ቀን አንድ ካሬ… ቀኑ ይጻፍበት… እኔ የማየው ከእሱ ነው» ስትል ሰማሁ። ወዲያው ገባኝ፤ አባዬ የቤት ሥራ ተሰጠው። የቃሬዛ ጎማ እየተንቋቋ ሲያልፍ ሳልሰማው የቀረው ግማሽ «ቢያምርም ባያምርም እንዳለ ይምጣ፣ ተተርትሮ እንዳይሠራ» የሚል ነበር። ይህን የነገረኝ አባዬ ነው፤ ከብዙ ዓመት በኋላ።

መስኮታችን ስር ሁለት በርጩማ አስቀምጠን አብረን ተማርን። ኪሮሽ ለጀማሪ ቀላል ይመስላል። ክሩን በመርፌዋ ጫፍ እየሳቡ ሰንሰለት ይሠራሉ፤ ሰንሰለቱን ገጥመው ቀለበት ያደርጉታል፤ ከዚያ በየመሐሉ ክፍተት እየተዉ፣ ሦስት ሦስት ቋጠሮ እየሠሩ ቀለበቱን መዞር ነው። ጉዱ ያለው ማዕዘኑ ላይ ነው። ማዕዘን ሲደርሱ በአንዱ ክፍተት ውስጥ ሦስቱን ሁለት ጊዜ መሥራት ያስፈልጋል፤ ይህን የረሳ ሰው ካሬ አይወጣለትም። የእኔ የመጀመሪያ ሥራ ማዕዘን የሚባል ነገር ስላላየ ጎድጉዶ ቀረ። አባዬ አገላብጦ አገላብጦ አየውና የስኳር ዕቃው ክዳን ላይ ደፋው።

«ቆብ ሠራሽለት፣ ብርድ እንዳይመታው» አለኝ።

ከዚያ በኋላ እንዳንረሳ ዘዴ አመጣ። «ሦስት፣ ክፍት፣ ሦስት፣ ክፍት» እያልን አብረን እንቆጥራለን፤ ማዕዘን ስንደርስ እሱ እንደ አውቶቡስ ረዳት «ወራጅ አለ!» ብሎ ይጮሃል። ጎረቤቶቻችን ምን ይሉን እንደነበር እግዜር ይወቅ። ይኸው ዛሬም ኪሮሽ ስይዝ፣ ማዕዘን ላይ ስደርስ ከንፈሬ ሳላዝዘው ያንኑ ይላል።

በሳምንቱ በልጬው ሄድኩ። የእሱ መርፌ ከጣቶቹ እየሾለከች ወለሉ ላይ ትወድቃለች፤ ክሩ አንዴ ይጠብቅበታል፣ አንዴ ይላላበታል። እኔ ደግሞ አስተማሪነቱ ሰፈረብኝ። «ልብህ የት ነው ያለው? እዚህ ነህ ወይስ ሜዳ ነህ?» እለዋለሁ፣ የክፍላችንን መምህር ድምፅ አስመስዬ። «ይቅርታ አለቃዬ» ይለኛል፣ ከበርጩማው ብድግ ብሎ። ስሜ አለቃዬ ሆኖ የቀረው ያኔ ነው። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ይል እንደነበር ትዝ ይለኛል። ቤቱ ሞቆት ነው ብዬ መስኮቱን እከፍትለት ነበር።

ክር ሲያልቅብን እማዬ ያረጁ ሹራቦች ከሳጥን አወጣች። የእኔን የሕፃንነት ቢጫ፣ የራሷን አረንጓዴ፣ ክርኑ ላይ የተቀደደውን የአባዬን ሐምራዊ ተረተረችልን። የተተረተረ ክር ይጨማደዳልና ከካውያው እንፋሎት ላይ ይዛ አቃናችው፤ ይህን ያስተማራት ሥራዋ ነው። ቤቱ እርጥብ ሱፍ፣ እርጥብ ሱፍ ሸተተ።

«አርባ ስምንት ካሬ ከሞላ ለአልጋሽ ብርድ ልብስ እገጥምልሻለሁ» አለችኝ። «ሃያ አራቱ ያንቺ፣ ሃያ አራቱ የአባትሽ።»

ይህን ብላ ከአባዬ ካሬዎች አንዱን አነሳችና በእኔው ላይ ደረበችው። የእሱ በአንድ ጎኑ ተኮማትሯል፣ በሌላው ጎኑ ጣት ያሳልፋል። «ይኼማ ከዚህ ጋር እንዴት አድርጎ ይገጥማል?» ብላ መሳቅ ጀመረች፤ ከመሐል አቆመችና ወደ ጓዳ ገባች። ብርድ ልብሴ ሊበላሽ ስለሆነ ያዘነችልኝ መሰለኝ።

በዚያው ሰሞን የአውቶቡስ ድርጅቱ የስምሪት ኃላፊ እኛ ቤት መጣ። አባዬ ካሬዎቹን በእግሩ አልጋው ስር ገፋቸው። ሰውየው የቀረበለትን ሻይ ሳይነካ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ እያዞረ ብዙ ተቀመጠ።

«አውቶቡስህን ለጊዜው ሌላ ሰው ይዞታል» አለ በመጨረሻ። «ሐኪም ቤቱ ‹ይችላል› ብሎ ከጻፈልህ በማግሥቱ ያንተ ነው። እስከሚመጣው ወር መጨረሻ ካልሆነ ግን የበላዮቹ ለሰውየው ያጸኑለታል። ያኔ እኔም ምንም አላደርግልህ።»

«እመጣለሁ። ምን ሆንኩና?» አለ አባዬ። ብርጭቆውን የያዘው በግራ እጁ ነበር።

ትምህርት ቤት ደግሞ ከኋላዬ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ «አባትሽ ተባረረ አሉ» ብላኝ ደሜ ፈልቷል። እውነቱን ለመናገር፣ አባዬ ቤት እንዲውልም፣ በትምህርት ቤቱ በር ሲያልፍ ክላክስ እንዲያደርግልኝም፣ ሁለቱንም እፈልግ ነበር። የስምሪት ኃላፊውን ቃል ከሲስተር ቃል ጋር ስገጣጥመው ነገሩ ቁልጭ አለልኝ። ካሬው ካማረ ወረቀቱ ይጻፋል፤ ወረቀቱ ከተጻፈ አውቶቡሱ ይመለሳል። ብርድ ልብሴም አብሮ ያምራል።

አባዬ ከምሳ በኋላ የሚወስደው የሕመም ማስታገሻ አንድ ሰዓት ሙሉ ያስተኛዋል። ካሬዎቹን የሚያስቀምጠው በጫማ ካርቶን ውስጥ ነው፤ ቀኑን በቁራጭ ወረቀት ጽፌ በመርፌ ቁልፍ የማያይዝለት እኔው ነኝ። አንዴ ካስገባው ክዳኑን ከፍቶ አያየውም። ለምን እንደማያየው ጠይቄው አላውቅም። እሱ ማንኮራፋት ሲጀምር ካርቶኑን ቀስ አድርጌ እስባለሁ፤ ጠማማውን እተረትረዋለሁ፤ በዚያው ክር እንደገና እሠራና ያንኑ ወረቀት መልሼ እሰካበታለሁ። ምንም አልከነከነኝም። እማዬ ደብተሬ ላይ ያላማረ ጽሑፍ ስታይ ገጹን ቀድዳ እንደገና ታስጽፈኝ የለ? የቤት ሥራ እንደዚያ ነው የሚስተካከለው። ደግሞ ጅል አልነበርኩም፤ የእሱ እንዲመስል በየካሬው አንዳንድ ስህተት እተውለት ነበር።

እኔም ጀማሪ ነበርኩና የመጀመሪያዎቹ ካሬዎች ያው እንደነገሩ ናቸው። እጄ እየተፍታታ ሲሄድ እነሱም እየተስተካከሉ መጡ። ይህን አስቤበት አላደረግሁትም። ግን በወረቀቶቹ ላይ ያለውን ቀን ተከትሎ ለሚያያቸው ሰው፣ አንድ የታመመ እጅ ከሳምንት ሳምንት ሲድን በግልጽ ይታይ ነበር።

በየሁለት ሳምንቱ ካርቶኑን ይዘን ወደ ሲስተር እንሄዳለን። አባዬ ጥግ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ እጁን የሞቀ ውሃ ውስጥ ይዘፈዝፋል፤ እሷ ጠረጴዛዋ ላይ ካሬዎቹን ታገላብጣለች።

«ጎሽ! ይኼ ካለፈው በጣም ይሻላል።»

«የምርዎትን ነው ሲስተር?»

«ዓይን አለኝ እኮ ሰውዬ!»

በመጣንበት መንገድ ስንመለስ አባዬ ሌላ ሰው ነው። ካራሜላ ይገዛልኛል፤ እኔን ከፊት አስቀድሞ በአየር ላይ ማርሽ እየቀየረ፣ በአፉ ሞተር እያስጮኸ ይከተለኛል፤ መንገደኛው እየዞረ ያየናል። አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል። ያን ሁሉ ደስታ የሰጠሁት እኔ ነኝ ብዬ ሌሊቱ ነግቶ ቀጣዩን ካሬ እስክተረትር እቸኩል ነበር። ዛሬ ያን መንገድ ሳስበው፣ አባዬ እጄ እየዳነ ነው ብሎ ያመነው በእኔ ነው።

ሃያ አራተኛው ካሬ ያለቀ ዕለት እንደ ሁልጊዜው አብረን ሄድን። ሲስተር ምርመራ አልጋው ላይ ሁሉንም በየቀናቸው ደረደረቻቸው። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ፤ ነጩ አንሶላ ላይ ሲታዩ እንዴት እንደሚያምሩ! ከጥግ የቆመ ሌላ በሽተኛ እንኳ አንገቱን አስግጎ አየ።

«የመጨበጥ ኃይል መለኪያው ላይ ከምፈልገው ትንሽ ዝቅ ብለዋል» አለች ሲስተር፣ መነጽሯን እያጠለቀች። «ግን እነዚህን እያየሁ ‹አይችልም› ብዬ ብጽፍ ግፍ ይሆንብኛል።» እስክሪብቶዋን አወጣችና እየተናገረች ትጽፍ ጀመር። «ወደ መደበኛ ሥራቸው… መመለስ…»

አባዬ እጁን በፎጣ እያደረቀ ዞረ። ካሬዎቹን አንድ ላይ ሲያያቸው የመጀመሪያው ነበር። አንዱን አነሳ። ሌላውን አነሳ። ማዕዘኑን በአውራ ጣቱ ዳበሰው። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። እኔ በኩራት በአንድ ዓይኔ ጠቀስኩት።

ፎጣውን አጣጥፎ አስቀመጠ፤ በጣም ቀስ ብሎ ነው ያጠፈው።

«ሲስተር፣ ትንሽ ይቆዩ» አለ። «አንድ እዚሁ ልሥራልዎት።»

«ኧረ ምን ያደርጋል? ታይቶ ያለቀ ነገር!»

«ግድ የለዎትም፣ ይፍቀዱልኝ።»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። መርፌዋ ወደቀች፤ አነሳት። ክሩን አጠለቀ፤ ሾለከበት፤ መልሶ አጠለቀ። ማዕዘን ሲደርስ «ወራጅ አለ» አልኩት ቀስ ብዬ፣ እንዲያስታውስ። አልሰማኝም። ሲስተር መጀመሪያ ፈገግ ብላ ታየው ነበር፤ በኋላ ፈገግታው ፊቷ ላይ ደረቀ፤ ከዚያም እስክሪብቶዋን ክዳኑ ውስጥ መለሰችው። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ፈጀበት። ሲጨርስ አልጋው ላይ ከሌሎቹ አጠገብ ያስቀመጠው ነገር ካሬ አይሉት፣ ክብ አይሉት፣ የተሸበሸበ ጉድ ነበር።

እኔ ቆሽቴ አረረ። ያን ሁሉ ከሰዓት በኋላ የደከምኩበት! አውቶቡሱ እንደማይመለስ ከሲስተር ፊት አነበብኩት።

«አባዬ! አውቀህ ነው አይደል ያበላሸኸው?» ብዬ ጮህኩ።

ሲስተር አፏን ስትከፍት አባዬ በግራ እጁ ዝም እንድትል ምልክት ሰጣት። ከወንበሩ ወርዶ ፊት ለፊቴ ተንበረከከ።

«አዎ አለቃዬ» አለኝ። «አውቄ ነው።»

ሲስተር የጀመረችውን ወረቀት ቀደደችው። መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ስትጠርግ አየኋትና ወረቀት በማባከኗ የተናደደች መሰለኝ።

አውቶቡሱ ለሌላው ሰው ጸና። አባዬ መናኸሪያው ውስጥ የጠፉ ዕቃዎች ክፍል ተመደበ፤ ተሳፋሪ የረሳውን ጃንጥላና ባርኔጣ፣ አንዳንዴም አንድ እግር ጫማ እየተረከበ መደርደሪያ ላይ ያኖራል። «አንድ እግር ጫማውን ረስቶ የወረደ ሰው ቤቱ እንዴት እንደሚገባ እስቲ ንገሪኝ» እያለ ሊያስቀኝ ይሞክራል። አልስቅለትም። በትምህርት ቤቱ በር የሚያልፉት አውቶቡሶች ሁሉ ጭጭ ብለው ያልፋሉ፤ ያቺ ከኋላዬ የምትቀመጠው ልጅ እንዳታናግረኝ ቀድሜያት ከክፍል እወጣለሁ። ብርድ ልብሱን ግን እማዬ ገጠመችው፤ አርባ ሰባቱ የእኔ ሥራ፣ በአንዱ ቦታ ያቺ የተሸበሸበችው። እሷን እንድታወጣት ለምኜ አልቅሼም ነበር። እማዬ ጆሮ ዳባ ልበስ አለችኝ። እኔም በእልህ፣ አልጋ ሳነጥፍ ትራሴን እሷ ላይ አስቀምጥ ነበር።

እያደግሁ ስሄድ ቂሙም አብሮኝ አደገ። አባዬ በግራ እጁ ሲበላና ሲጽፍ እያየሁ ግራኝ ነው ብዬ ነው የኖርኩት። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆነኝ ስለማይረባ ነገር ተጣልተን «አንተ እኮ ሥራህን በገዛ እጅህ የጣልክ ሰው ነህ! መሥራት ስላልፈለግህ ነው!» አልኩት። እማዬ ሳህኗን አስቀምጣ ብድግ አለች። «ተያት» አላት እሱ። «ያየችውን ነው የተናገረችው።» ከዚያ ሾርባውን መብላት ቀጠለ።

መንጃ ፈቃድ ላወጣ ስለማመድ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከጓደኛዬ አንድ አሮጌ መኪና ተውሼ፣ አባዬን ከጎኔ አስቀምጬ ከመናኸሪያው ጀርባ ወዳለው ባዶ ሜዳ ወጣን። አሠልጣኝ መሆኑ ደስ ብሎት መስተዋቱን አሥር ጊዜ አስተካከለልኝ።

«ቀበቶህን እሰር» አልኩት።

በቀኝ እጁ ሳበው፤ ከጣቶቹ መሐል ሾለከ። እንደገና ሳበው፤ እንደገና ሾለከ። «ይኼ መኪና ሹፌር ይንቃል» ብሎ ቀለደ። እኔ ግን ጣቶቹን እያየሁ ነበር። ሦስቱ እንደ እንጨት ቀጥ ብለው ቀርተዋል፤ ቀበቶውን የሚነኩት እንጂ የሚይዙት አይደሉም። ጎንበስ ብዬ አሰርኩለት። ቀና ስል የራሴን ቀኝ እጅ ማርሹ ላይ አየሁትና ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባኝ። እጄን ከማርሹ ላይ አነሳሁ።

«አባዬ፣ አውቀህ አልነበረም» አልኩት።

«ምኑን?»

«ካሬውን። ሲስተር ፊት የሠራኸውን።»

የቀበቶውን ማሰሪያ ማነካካት ጀመረ።

«የቀሩትን እኔ ነኝ የሠራኋቸው፤ አንተ ስትተኛ እየተረተርኩ።»

«አውቃለሁ» አለ። «እኔ በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ ማዕዘን አውጥቼ አላውቅም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም? ሰነፍ ነህ ስልህ፣ ስንቅህ፣ ያን ሁሉ ዓመት እንዴት ዝም ትላለህ?»

በመስኮቱ በኩል ወደ ሜዳው እያየ መለሰልኝ። «ወረቀቱን ይዤ ብወጣ ኖሮ በሳምንቱ አርባ አምስት ሰው ጭኜ ቁልቁለት እወርድ ነበር። እውነት እልሻለሁ፣ አምሮኝም ነበር። ሲስተር ስትጽፍ አንድ ልቤ ዝም በል ብሎኛል። ከዚያ ቀና ስል አንቺ በአንድ ዓይንሽ ጠቀስሽኝ። አንድ ቀን እጄ ይከዳኛል፤ ሰው ይጎዳል፤ አንቺ ደግሞ ታድጊና እነዚያ ካሬዎች የማን እንደነበሩ ታስታውሺያለሽ። በዚያ ዕድሜሽ ‹እጄ አይሠራም፣ አንቺም ልታስጨርሺን ነበር› ልበልሽ? ከዚያ ሁሉ ‹አባቴ ሰነፍ ነው› የሚለው ላንቺ ቀሎ ታየኝ።»

ዓይኔ እንባ ሞላ። እውነቱን ነበር፤ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ቀሎኝ ነበር የኖርኩት። እሱ ግን ሲናቅ፣ በየማዕዱ ፊቱን ሳዞርበት፣ አንዲት ቀን እንኳ ለራሱ ሳይከራከር ነው የኖረው። የደረቁ ጣቶቹን ይዤ ሳምኳቸው፤ እሱም እንደ ልጅነቴ በሌላው እጁ ራሴን እየዳበሰ፣ መኪናውን ለማስነሳት ዓይኔ እስኪጠራ ጠበቀኝ።